የማመንጫው ምርቃትና የእህቴ ነጭ ቀሚስ

አቃቂ፤ የምርቃቱ ዕለት ሐሙስ ሚያዝያ 11 ቀን 2004 ነበር። ፀሐይ፣ ትንሽ ነፋስ። የነበርነው እኔ፣ እህቴ ወለተሥላሴና የሰፈሩ ሴት ሁሉ።

ናዕማዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? አንድ ፋብሪካ ወንዙ ዳር ያቆመውን የድንጋይ ከሰል የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሲያስመርቅ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር «ነጭ የሀገር ልብስ ለብሳችሁ እልል በሉ፤ የቀረች ከሸማቾች ስኳር አታገኝም» አሉን። ወለተሥላሴ ያላት ነጭ ቀሚስ እሑድ ልጇን የምትድርበት ብቻ ነው፤ እሱኑ ለበሰች። ሪባኑ ተቆርጦ ማመንጫው ሲነሳ ነፋሱ ወደ እኛ ዞረና ጥላሸቱን አዘነበብን። እልልታችን ሳል ሆኖ ቀረ።

«ኧረ ጋሼ፣ ቀሚሴን!» ብትላቸው ሊቀመንበሩን፣

«እናቴ፣ ይሄ እኮ የልማት ጭስ ነው» አሏት፣ እሳቸው ድንኳን ውስጥ ሆነው።

እኛ ቡታጅራ ጭስ ከታየ የሚበላ ነገር አለ ማለት ነው። እዚህ አጨብጭበን በባዶ ሆዳችን ተመለስን። ቀሚሱን ብናጥበው ይብሱን ተቀባ፤ እህቴ አለቀሰች።

ቦታ አለቀብኝ፤ እናትሽንና ሻፊን ሳሚልኝ። በነጋታው ጠዋት ቀሚሱን ከነሳሙናው ሊቀመንበሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ «ለእሑድ ያድርሱልን» ብያቸው ወጣሁ።

በላይነሽ