ሽፋኑ ላይ ስለወጣችው ፍየል

ነሐሴ 24 ቀን 1996 ዓ.ም.
ሰቆጣ

ለክቡር አቶ ምንዋጋው ይግዛው
የወጣቶች ኅትመት መርማሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የክረምቱ ብርድ ጉልበትዎን፣ የስብሰባው ብዛትም ድምፅዎን እንዳልጎዳው ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከሣቅ ብዛት ጎኔን ከማመሙ በቀር። ይህን ደብዳቤ በግልጽ መጻፌ ድፍረት እንዳይመስልዎ እለምናለሁ። በታሸገ ፖስታ ያስገባኋቸው ማመልከቻዎች እስከ ዛሬ «በመታየት ላይ» በመሆናቸው፣ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ሕዝቡም አብሮዎት ቢያይ ሥራው ይቀልልዎት ይሆናል ብዬ ነው።

ከረሱኝ፣ የሥዕልና የሙዚቃ መምህርቷ ሠርካለም ነኝ። የሙዚቃ ክበብ ተማሪዎቼ ለእኩዮቻቸው ይሆን ዘንድ «ጆሮ» ብለው የሰየሟትን መጽሔት ገጽ በገጽ የቀየስኩ፣ የርእሶቿንም ፊደል በእጄ የሣልኩ እኔ ነኝ። ኮሚቴዎ ደግሞ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዷ በፊት እስከማላውቃት ድረስ አሻሻለልኝ። መጽሔቷ ከደሴ ታትማ ነሐሴ 14 ቀን በአውቶቡስ ደርሳለችና፣ ተራ ቁጥር እንደሚወዱ ስለማውቅ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ስለ ስሟ። «ጆሮ» አንዲት አጭር ቃል ናት፤ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ እንዲያነባት ፊደሏን የመዳፍ ያህል አድርጌ ሥዬው ነበር። እርስዎ ይህ ስም «ተሳትፎን አያሳይም» ብለው «የወጣቶች ሁለንተናዊ ተሳትፎና የኪነ ጥበብ ንቅናቄ ድምፅ» አሉት። ይህ ሁሉ ቃል በአንድ ገጽ ላይ ይግባ ሲባል ፊደሉ እንደ ምስር አንሶ ቀረ። ተማሪዎቼ እስከ ዛሬ «ያቺ ረጅሟ» እያሉ ነው የሚጠሯት። ለነገሩ አጭር ስም አላጣችም።

2. ስለ ሽፋኑ። እዚህ ላይ ትንሽ እረዝማለሁ፤ ይታገሡኝ። ሽፋኑ ላይ እንዲወጣ ያሰብነው የልጃገረዶቹ በዓል የሻደይ ጨዋታ አውጪያችን የውባንቺ ፎቶግራፍ ነበር፤ ከበሮዋን አንግታ፣ አንገቷን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ፣ ዘፈን ስታወጣ። ፎቶግራፉ በነሐሴ፣ የሻደይ ሣሩ ለምለም ሆኖ በልጆቹ ወገብ ላይ ሳለ እንዲነሣ ብንለምንም፣ ኮሚቴዎ ከመታተሙ አራት ወር በፊት ካልመረመርኩት አይሆንም አለ። በሚያዝያ ሰቆጣ ላይ እንኳን የሻደይ ሣር፣ ለምለም ነገር ለመድኃኒት እንደማይገኝ የአገሩ ልጅ ነዎትና አያጡትም። ሆኖም በቃለ ጉባኤ «ተመጣጣኝ አረንጓዴ ቅጠል ይተካ» ተብሎ ተወሰነ። እኛም ውሳኔ አክባሪዎች ነንና ከመስኖ ዳር ጎመን ለምነን በልጆቹ ወገብ ላይ አሰርን።

ዕለቱ ገበያ ነበር። ከእኛው ከዋጉ ዝቋላ ለሽያጭ የመጣች አንዲት ፍየል፣ ያን ሁሉ መንገድ በባዶ ሆዷ ተጉዛ ስታበቃ በሰው ወገብ ላይ የታሰረ ጎመን ስታይ ምን ታድርግ? ከጌታዋ እጅ አምልጣ፣ ልክ ፎቶ አንሺው ካሜራውን ሲጫን፣ የውባንቺን ጎመን ከጎኗ ገመጠች። ኮሚቴዎም ፎቶግራፉን በጥልቀት መርምሮ የልጅቱ አፍ «ከመጠን በላይ የተከፈተ» መሆኑን ደረሰበት፤ ፍየሏ ግን የእንስሳት ሀብታችንን ስለምታስተዋውቅ ተመሰገነች። ስለዚህ ልጅቱ ተቆርጣ ወጣች፣ ፍየሏ ቀረች። የፍየሏም አፍ ክፍት ነበር፤ የታለፈችው ጎመን ስለያዘች ሳይሆን አይቀርም። ይኸው ዛሬ በሙዚቃ መጽሔታችን ሽፋን ላይ አንዲት ፍየል ታመነዥጋለች፤ ከኋላዋ የከበሮ ጠርዝና የአንድ ሰው ክርን ይታያል። የፍየሏ ጌታ አቶ ገብረ ሊባኖስ ወሬውን ሰምተው ከዝቋላ ድረስ መጥተው ለዘመድ የሚያሳዩት ቅጂ ወስደዋል። አንድ አንባቢ እንኳ ማስደሰታችን ቀላል ነገር አይደለም።

3. ስለ መካከለኛው ገጽ። ተገንጥሎ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ የማሲንቆ ሥዕል አዘጋጅተን፣ ጣት የትኛው ቦታ ላይ እንደሚያርፍ ምልክት አድርገንበት ነበር። እርስዎ በዚያ ቦታ የኮሚቴውን መዋቅር ከነቀስቶቹ አስገቡ። በጎረምሳ አልጋ ራስጌ ላይ ንዑስ ኮሚቴ ተሰቅሎ ለማየት ስላበቁን እናመሰግናለን። አንድ ተማሪዬ ቀስቶቹ የጣት ምልክት መስለውት በእነሱ መሠረት ማሲንቆ ሲገዘግዝ አግኝቼዋለሁ። የወጣው ድምፅ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ስብሰባ ስብሰባ ይላል።

4. ስለ ጥያቄና መልስ ዓምድ። አንዲት የአምደወርቅ ተማሪ ቴፕ የበላውን ካሴት እንዴት ማዳን እንደሚቻል ጠይቃ ነበር። በታተመው መልስ የፍየል ክትባት የሚሰጥበት ወር ተገልጾላታል። ከሽፋኑ ጋር ስለሚስማማ አልከራከርም።

5. ስለ መልእክትዎ። አራት ገጽ ነው። ሆድ ይፍጀው።

6. ስለ ዘጠነኛው ገጽ። እስካሁን ያለውን እየሳቅኩ ነው የጻፍኩት፤ ይህኛው ግን አያስቀኝም። በዚያ ገጽ ላይ ውባንቺ በአገራችን ቋንቋ በኽምጣና የምትዘፍናቸው የሻደይ ስንኞች ሊወጡ ነበር። ያስተማረቻት አክስቷ ለተሥላሴ አምና ዐርፋለች፤ ከልጆቹ መካከል ስንኞቹን አሟልታ የምታውቅ ከውባንቺ ሌላ የለችም። አማርኛ ብቻ የሚያውቁ የከተማ ልጆችም እንዲከተሉ ብዬ ፍቺውን በጎኑ አሰልፌው፣ ዙሪያውን በሻደይ ሣር ሥዕል አጥሬው፣ ከገጾቹ ሁሉ ይህኛው አምሮልኝ ነበር። ኮሚቴዎ ግን «ይዘቱ ሊገባን ባለመቻሉ» ብሎ ኽምጣናውን ሰረዘ፤ አማርኛውንም «ከምንጩ ጋር ማመሳከር ስላልተቻለ» አብሮ ሰረዘው። ገጹም ከላይ «ለማስታወሻ» የሚል ተጽፎበት ባዶውን ታተመ። ሁላችሁም እዚሁ ዋግ ውስጥ ተወልዳችሁ ያደጋችሁ ናችሁና፣ ቋንቋው የጠፋባችሁ የትኛው ስብሰባ ላይ እንደሆነ ብታስታውሱ ሄደን እንፈልግላችሁ ነበር።

ይህን ሁሉ የምለው ወረቀት አሳዝኖኝ አይደለም። ውባንቺ መስከረም 5 ቀን ወደ ቤይሩት ለሥራ ልትሄድ ነው። ዘጠነኛው ገጽ የታሰበው እርሷ በሌለችበት በመጪው ነሐሴ ታናናሾቿ ዘፈኑን የሚያወጡበት እንዳያጡ ነበር። ሽፋኑ ደግሞ ለእናቷ ለደብሬ ነበር። ደብሬ ያላት የልጇ ፎቶግራፍ ለፓስፖርት የተነሣችው ጉርድ ብቻ ነበር፤ እሱንም ደላላው ወስዶታል።

መጽሔቷ የደረሰች ዕለት ውባንቺ ከጓደኞቿ ጋር አውቶቡስ መናኸሪያ ስትጠብቅ ውላ ነበር። ከተቀበለች በኋላ ፊትና ጀርባውን አገላብጣ ራሷን ፈለገች። ብታጣው የት እንዳለች እኔን ጠየቀችኝና ክርኗን አሳየኋት። ልጆቹ ሁሉ ሳቁ፤ እርሷም ከእነሱ ጋር ሳቀች። ሳቁ ሲበርድ ግን ይህን ለእናቷ ምን ብላ እንደምታሳያት ቀስ ብላ ጠየቀችኝ። አዘንኩ፣ ተናደድኩም፣ ቤቴ ገብቼም አለቀስኩ። ክቡርነትዎ ይህንንም በቃለ ጉባኤ ሊይዙልኝ ይችላሉ።

ሆኖም ውለታዎን አልክድም። ዘጠነኛውን ገጽ ባዶ በመተውዎ ልጆቹ ከፃግብጂ እስከ ሰቆጣ ከውባንቺ አፍ እየሰሙ ስንኞቹን በየቅጂያቸው ላይ በእጃቸው እየጻፉበት ነው። አንዷ በቀይ፣ ሌላዋ በአረንጓዴ እስክሪብቶ፤ ዳሩን በአበባ ያጠረችም አለች። እኔ ከቀየስኩት ይልቅ ያምራል። ከመጽሔቱ ሁሉ በልጆች እጅ የቆሸሸ ገጽ እሱ ብቻ ነው፤ የእርስዎ አራት ገጾች እንደታተሙ በንጽሕናቸው አሉ።

የቀረኝ ልመና አንድ ነው። ያልተቆረጠው ፎቶግራፍና ፊልሙ በቢሮዎ መሳቢያ ውስጥ ነው። ልጅቱ ከመሄዷ በፊት ይመልሱልን፤ ደብሬ ልጇን ከነሙሉ አካሏ፣ አፏ የቱንም ያህል ቢከፈት፣ ግድግዳዋ ላይ ትስቀል። ፍየሏም አብራ ብትሆን ቅር አይለንም፤ ለምደናታል።

ከሰው ይልቅ የፍየል ውበት ለሚታያቸው ዓይኖችዎ ብርሃንን፣ ለመዋቅርዎ ተጨማሪ ቀስቶችን፣ ለመልእክትዎም አንድ አንባቢ እንኳ እየተመኘሁ፣ ከወንበሬ ተነሥቼ እጅ እነሣለሁ።

የ«ያቺ ረጅሟ» ቀያሽ
መምህርት ሠርካለም ትእዛዙ

ከፊርማ በኋላ፦ በሻደይ ዕለት ልጆቹ እንደ ልማዱ ቤት ለቤት እየተጫወቱ ከእርስዎም ደጃፍ ደርሰው ነበር፤ እኔም አብሬያቸው ነበርኩ። እርስዎ ለስብሰባ አምደወርቅ ወርደው ስለነበር የተቀበሉን እናትዎ ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ናቸው። ውባንቺ ያንኑ የተሰረዘውን ዘፈን አወጣች። እናትዎም ከልጆቹ ጋር እያጨበጨቡ ሲቀበሉ ቆይተው፣ አክስቷ እንኳ ያላስተማረቻትን አንድ ስንኝ ከመጨረሻው ላይ ጨመሩላት፤ እሱንም ዘጠነኛው ገጽ ላይ ጽፈነዋል። ከጨዋታው በኋላ ይህ ዘፈን ለልጃቸው እንዳልገባው ብነግራቸው፣ «እሱን አዝዬ ያሳደግኩት ይህንኑ እየዘፈንኩ ነው፤ ያኔ እኮ ይገባው ነበር» አሉኝ። ፎቶግራፉን ለእኔ መስጠት ለክብርዎ ከከበደ ለእርሳቸው ይስጡልኝ። ዛሬ ማታ ከቢሮ ሲመለሱ ራሳቸው ይጠይቁዎታል፤ የሚጠይቁዎትም በኽምጣና ነው።