ቀድሞ ለተገኘ የሚሰጥ ስም

ይድረስ ለወንድሜ ለጋሼ ደምመላሽ፣ ኩታበር።

ጋሼ፣ እንዴት ከረምክ? ጉልበትህስ ቀለል አለህ? እትዬ አትጠገብ፣ እማዬ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንዴት ነው? ዝናቡ ለዘር ደረሰላችሁ? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ቆሞ መሄድ ደህና ከተባለ።

ቅዳሜ ስትጠብቁኝ እንደዋላችሁ አውቃለሁ። ደሴ ድረስ መጥቼ፣ ፒያሳ ለልጄ ለወንጌላዊት ጫማ ገዝቼ፣ የኩታበር መኪና ልይዝ ስል ነው ከፋብሪካው የተደወለው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ሚዛኑ ጠፋ አሉኝ። ሌላ የሚያውቀው ስለሌለ ወደ ኮምቦልቻ ተመለስኩ። የጥጡን ክብደት የምትመዘግበው ያቺ ላፕቶፕ ዕድሜዬን ልትጨርሰው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላፕቶፗ የምትሠራው ሊኑክስ በሚሉት ፕሮግራም ነው። ሁለት የኔትወርክ መሰኪያዎች አሏት፤ አንዱ ከጥጡ ሚዛን፣ ሌላው ከቢሮው ያገናኛታል። ተዘግታ በተነሳች ቁጥር ግን ቀድሞ ለነቃው የፊተኛውን ስም፣ ለዘገየው የኋለኛውን ትሰጣለች። ትናንት የሚዛኑ የነበረው ስም ዛሬ ለቢሮው ሆኖ ይገኛል። ያን ጊዜ ክብደቱ የትም ይቀራል፣ ጭነት ይቆማል፣ የሚጠራውም እኔ ይስማው ነኝ።

እኔ ሞኙ በየመሰኪያው ላይ ፕላስተር ለጥፌ "ሚዛን"፣ "ቢሮ" ብዬ ጽፌ ነበር። ሚዛኑ ላይ የምትሠራው ከይሪያ አይታ፣ ማን እንዲያነበው ነው ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው፤ ላፕቶፕ ከላይ የተለጠፈ አያይም። ቅዳሜ ግን ቁጭ ብዬ ጨረስኩት። እያንዳንዱ መሰኪያ ሲመረት የተሰጠው የራሱ ቁጥር አለው። ይህ ቁጥር ያለው ምንጊዜም ሚዛን፣ ያኛው ምንጊዜም ቢሮ ይባል ብዬ ውስጧ ጻፍኩባት። አጥፍቼ አበራኋት፤ ስሙ ጸና። ከይሪያ አልሀምዱሊላህ፣ አሁንስ ወደ ልጅህ ሂድ አለችኝ። ፈቃዴ ግን አልቆ ነበር።

ጋሼ፣ ልቤን የበላው ሌላ ነው። እናቷ አረብ አገር ከሄደች ወዲህ ልጄን ያሳደግካት አንተ ነህ። በፋሲካ እትዬ "በይ አባትሽን ሳሚ" ስትላት ወዳንተ ሮጠች። እኔን ስትጠራ እንደ ሰዉ ሁሉ "ይስማው" ነው የምትል። ሁላችሁም ሳቃችሁ፣ እኔም ሳቅኩ፤ ጥርስ ባዳ ነው። በጣም ነው የከፋኝ።

ግን እንዳትቆጣት። ትኩሳት ሲይዛት አዝለህ ጤና ጣቢያ የሮጥከው አንተ ነህ። እሷም ስሙን ቀድማ ላገኘችው ሰጠችው፤ እኔ ከዚህ ሆኜ አባትሽ እኔ ነኝ ብዬ ብነግራት ከፕላስተሩ አይሻልም። ፈቃድ ዳግም እስኪሰጡኝ እግሯ እንዳይበልጠው ብዬ ጫማውን ደብዳቤውን በያዘው በደጉ እጅ ልኬዋለሁ።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ። እትዬ አትጠገብን በጣም ናፍቄሻለሁ በልልኝ። ለወንጌላዊት ጫማውን ስትሰጣት "አባትሽ ላከልሽ" ብትላት ቀና ብላ አንተን ነው የምታይ። ይስማው ላከልሽ በላት።

ወንድምህ ይስማው
ኮምቦልቻ፣ ሰኔ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.