በካርቶን የመጡት ሃያ ሦስት መጻሕፍት

ለታናሽ እህቴ፦

ከሁሉ በፊት እንድትረጂልኝ የምፈልገው፣ ይህን የምጽፈው ታምሜም ብቸኝነት በርትቶብኝም አለመሆኑን ነው። ጡረታ ስወጣ በካርቶን የላክሽልኝን የአንድ ደራሲ ሃያ ሦስት የወንጀል ምርመራ ልብ ወለዶች በአምስት ሳምንት ስለጨረስኩ ነው።

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣት ፈቀደልሽ? ኢንጂነሩ ልጅሽስ ደህና ነው? እኔ ከዓይኔ በቀር ደህና ነኝ።

አመሌን ታውቂያለሽ፤ ያለ ደብተር አላነብም። የጠረጠርኩትን ሰውና የጠረጠርኩበትን ገጽ እያሰመርኩ ጻፍኩ። በመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ መጻሕፍት ዘጠኝ ጊዜ ተሳሳትኩ። አሥረኛው ላይ የደራሲው ዘዴ ገባኝ፤ ከዚያ ወዲህ አንድም አልሳትኩም። ጥፋተኛው ዕቃው መጥፋቱን ቀድሞ የሚናገረው፣ አብሮ የሚፈልገው፣ አይዞህ የሚለው ነው። መርማሪው የማይጠረጥረው ስለሚወደው ነው።

ደብተሩን ስዘጋ የድሮው የፈተና ወረቀት ነገር ትዝ አለኝ።

አብረን ስንኖር፣ ልጅሽን ሒሳብ በማስተምርበት ዓመት፣ በፈተናው ዋዜማ አርባ ሁለት የሒሳብ ፈተና ወረቀት ቆጥሬ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩ። ቁልፉ ከግድግዳ ሰዓቱ ጀርባ እንደሚሰቀል የምናውቀው አንቺና እኔ ብቻ ነበርን። ጠዋት ሳልቆጥር ከቤት እንደማልወጣም ታውቂ ነበር። ገና እጄን ሳልሰድ፣ "እትዬ፣ እስቲ ቁጠሪው፣ የጎደለ መሰለኝ" አልሽኝ። አርባ አንድ ሆነ። "ትናንት ደብተር ልትመልስ የመጣችው ልጅ ናታ! እጇ አመለኛ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ" ብለሽ ሻይ ቀዳሽልኝ።

ልጅቷ አልወሰድኩም ብላ አለቀሰች። ቁልፉን በምን ታውቃለች ብዬ አልጠየቅኩም። እንድትባረር የፈረምኩት እኔ ነኝ። አዲስ ፈተና ለማውጣት ጊዜ ስላልነበረ ያው ፈተና ተሰጠ። ባለፈው ወሰነ ትምህርት ሠላሳ ስምንት ያገኘው ልጅሽ ዘጠና ስድስት አመጣ። ከሁሉ በላይ ያጨበጨብኩት እኔው ነበርኩ።

ያቺ ልጅ ዛሬ ከቤቴ ማዶ ልብስ ሰፊ ናት። ማክሰኞ ቀሚስ ላሳጥር ሄድኩ። ሜትሩን ትከሻዬ ላይ ዘርግታ ለካች፣ ደግማ ለካች። "ሁለቴ ካልለካሁ አልቆርጥም፤ ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፣ መምህር" ብላ ሳቀች። ፊቷን ማየት አቃተኝ።

ቀሚሱን የምወስደው በሚመጣው ሳምንት ዓርብ ነው። ያን ቀን የምላት ነገር ሊኖረኝ ይገባል።

ወረቀቱን ማን ወሰደው ብዬ አልጠይቅሽም። የምጠይቅሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እነዚህን መጻሕፍት የላክሽልኝ አንብበሽ ነው ወይስ ሳታነቢ?

ለጉልበትሽ ብርታት፣ ለልጅሽም ዕድሜ ይስጥልኝ። ከዓርብ በፊት እንዲደርሰኝ አድርገሽ መልሺልኝ።

ታላቅ እህትሽ