ድምፅ የሌላት መኪና

መስከረም 10፣ ቅዳሜ

ቶሮንቶ ከገባሁ ሳምንት ሆነኝ። ዛሬ ታላቅ ወንድሜ ጋሼ አስማማው በአዲሷ መኪናቸው ገበያ ወሰዱኝ። ጉድ እኮ ናት! ቁልፍ የላት፣ ፍሪሲዮን የላት፣ ድምፅ የላት። በኤሌክትሪክ ነው አሉ። ተነስታለች አልተነሳችም ብዬ ጆሮዬን ስቀስር ሳቁብኝ።

«እስቲ ንጃት፣ እታገኝ። መንጃ ፈቃድሽን ይዘሽ መጥተሽ የለ?»

ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። አዲስ አበባ የተማሪ ሚኒባስ ስነዳ ሞተሩን ሰምቼ ነው ማርሽ የምቀይረው። እዚህ ምኑን ልስማ?

መስከረም 13፣ ማክሰኞ

ዳንፎርዝ ጎዳና ደርሰን መጣን። መብራት ላይ በደረስን ቁጥር ይጠይቁኛል። «አረንጓዴ ሆነ?» «ሆነ ጋሼ።» ጨዋታ መሆኑ ነው... መንዳት ያስተማሩኝ እሳቸው አይደሉ? ጃንሜዳ፣ በአባባ ቮልስ። ያኔም «ምን ይታይሻል?» እያሉ ነበር የሚያፋጥጡኝ።

መስከረም 15፣ ሐሙስ

ሻይ ሲቀዱልኝ ጠረጴዛው ላይ አፈሰሱት። ስልካቸውንም አፍንጫቸው ላይ ለጥፈው ነው የሚያነቡት። ለካ ጨዋታ አልነበረም... አያዩም! በእኔ ዓይን ነው የሚነዱት።

ምን ልበል? አባባ ሲሞቱ ያሳደጉኝ እሳቸው። «ዓይንዎ ደክሟል» በየት አፌ? ደግሞ ብቻቸውን ናቸው፤ «መኪና ከሌለኝ እዚህ ሀገር ማን ያወጣኛል?» ሲሉ ሰምቻለሁ። አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ፈሪ!

መስከረም 18፣ እሑድ



ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ጄራርድ ጎዳና ላይ፣ በመንገዱ መሀል በሐዲድ የሚሄደው ስትሪትካር ቆሞ በሩ ተከፈተ። ሰው አስፋልቱ ላይ ስለሚወርድ ከኋላ ያለ መኪና ሁሉ ቆመ። እሳቸው አልቆሙም። አንዲት ሴት ሕፃን በጋሪ ይዛ እየወረደች... መኪናዋ ድምፅ የላት፣ ቀና አላለችም።

«አስማማው! ቁም!»

ቆሙ። ጋሪው አፍንጫችን ስር አለፈ። ታላቅ ወንድሜን በስሙ ጠራሁት፤ እንኳንም ጠራሁት!

«አላየኋትም» አሉ።

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሐሙስ።»

«እና ዝም አልሽ?»

መኪናዋን ዳር አስይዘን እስከ ጋሼ ሰፈር፣ ሪጀንት ፓርክ ድረስ በእግራችን ገባን። ክንዴን ያዙ። ለመጀመሪያ ጊዜ።

መስከረም 20፣ ማክሰኞ

መኪናዋን ጎረቤት አምጥቶ ደጅ አቆመልን። ጋሼ ግን አይናገሩኝም። ተቀይመው ይሆን? ይቀየሙ።

መስከረም 22፣ ሐሙስ

ጠዋት በቁልፍ ፋንታ የሚሠራውን የመኪናዋን ካርድ ከቁርሴ አጠገብ አኖሩት። «የዓይን ሐኪም ቀጠሮ አለኝ። አንቺ ነሽ የምትወስጂኝ።»

ላብ አጠመቀኝ። ፍሬኑን ስለቅ ሹልክ ብላ ወጣች። ግራ እግሬ የሌለ ፍሪሲዮን ሲፈልግ ነበር። ጋሼ ቀበቷቸውን አስረው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

ስትሪትካር ቆሞ አገኘን። ከኋላው ቆምኩ።

«ምን ይታይሻል?» አሉ።

እንደ ጃንሜዳው ሊፈትኑኝ መስሎኝ ዞር አልኩ። የምራቸውን ነው የሚጠይቁት። አንጀቴን በሉት።

«አንዲት አሮጊት እየወረዱ ነው። ቀይ ሻርፕ አድርገዋል። ውሻቸው ቀድሟቸው ወርዷል።»

«እሺ... ሌላስ?»

እስከ ሐኪሙ ደጃፍ የሚታየኝን ሁሉ ነገርኳቸው። ምንም አልደበቅኩም።