በዘንቢል ስለሚወርዱት «ዛት» እና «ዞዝ»

ይድረስ ለተከበሩት የልብስ ስፌት ቤታችን ሥራ አስኪያጅ፤
ባሉበት ከፍታ።

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጉልበትዎ እንዴት ከርሟል ብዬ እጠይቃለሁ። በላይኛው በር ገብተው በላይኛው በር ስለሚወጡ፣ ወደ እኛ የሚያወርዱትን አሥራ ሰባት ደረጃዎች ከረገጡ ስምንት ወር አልፎዎታልና አሳስቦን ነው። እኛ ታች ያለነው ቆራጮች፣ ሰፊዎችና ተኳሿ፣ እርስዎ ከላይ ከቢሮዎ መስታወት ኋላ ሆነው ስለሚያዩን እጅግ ደህና ነን።

ትእዛዝ ሁሉ በእንግሊዝኛ ይሁን ብለው ስለወሰኑና አስተማሪም ስለቀጠሩልን ምስጋናችን ወደር የለውም። አስተማሪው ትዕግሥተኛ ሰው ናቸው። ማክሰኞና ሐሙስ ከምሳ በኋላ እየመጡ አራቱን መጠቆሚያ ቃላት አስተማሩን። አንዲት የሸሚዝ ቁልፍ መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው «ዚስ» አሉ፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አሳይተው «ዛት» አሉ። መዳፋቸው ላይ ያሉት ቁልፎች ሲበዙ «ዚዝ» ሆኑ፣ ከአዳራሹ ማዶ የተሰቀሉት ኮቶች ደግሞ «ዞዝ»። አንዱ ሰፊ፣ ስንት ሜትር ሲርቅ ነው ዚስ ዛት የሚሆነው ብሎ ሜትሩን ይዞ ተነሣ። አስተማሪው ስቀው፣ በሜትር እንደማይለካ፣ ተናጋሪው የቆመበት ቦታ እንደሚወስነው፣ እንዲያውም ሰው ያልወደደውን ነገር አጠገቡ እያለ «ዛት» ብሎ ሊያርቀው እንደሚችል ነገሩን። ደግሞም ሰሚው የሚጠቆመውን ነገር ካላየ ቃሉ ባዶ ነው አሉ። እርስዎ ያን ቀን ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት አባቶች እንደ እርስዎ ሥራ የሚበዛበት ሰው አላጋጠማቸውም ይሆናል።

ይህን ካልኩ ዘንዳ፣ ጥቂት አቤቱታዎቻችንን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ስለ ዘንቢሉ። ትእዛዝዎን በብጣሽ ወረቀት ጽፈው፣ ገመድ ባሰሩለት ዘንቢል ከመስኮትዎ ያወርዱልናል። ከእርስዎ ወንበር ሲታይ እኛ ዘንድ ያለው ሁሉ ሩቅ ነውና፣ ወረቀቶቹ ላይ ከ«ዛት» እና ከ«ዞዝ» ሌላ መጠቆሚያ ቃል ተገኝቶ አያውቅም። «ዛት» ይተኮስ፣ «ዞዝ» ይታጠቡ። ጣትዎ ግን አብሮ አይወርድም። መቼም ሲቸግር መላ አይጠፋም፣ ዘንቢሉ ያረፈበት ነገር ላይ ትእዛዙ ይፈጸም ተባብለን ተስማማን።

፪ኛ፦ ስለ ሱሪዎ። ባለፈው ሳምንት «ዛት» ተቆራርጦ መወልወያ ይሁን የሚል ወረቀት ወረደ። በኋላ እንደሰማነው ያሰቡት ያረጀውን መጋረጃ ነበር። ቬንቲሌተሩ ግን ዘንቢሉን ገፋ አድርጎ፣ እግሩ እንዲያጥር ባወረዱት ግራጫ ሱሪዎ ላይ አሳረፈው። የቆረጥኩት እኔ ራሴ ነኝ፤ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራ እጅ ነውና መስመሩ ቀጥ ያለ ነው። ጨርቁ ውኃ ሲመጥ ለጉድ ነው፣ ወለላችንም እንደ ሰሞኑ አምሮበት አያውቅም። ስላበረከቱልን እናመሰግናለን።

፫ኛ፦ እስከዚህ ድረስ ሥቀናል። የትናንቱ ወረቀት ግን፣ «ዛት ሴትዮ ሁልጊዜ ተቀምጣ ነው የማያት፤ ከዓርብ በኋላ እንዳትመጣ» ይላል። ዘንቢሉ የት እንዳረፈ ማንም አላየም፤ ሁላችንም የምናየው ተኳሿን፣ እትዬ እንፋሎት የምንላቸውን ነበር። እሳቸው በየቀኑ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ገብተው የቀኑን ኮትና ሸሚዝ ሁሉ ቆመው ይተኩሳሉ። እርስዎ በሦስት ሰዓት ሲገቡ ግን ሥራቸውን ጨርሰው፣ ያበጠ እግራቸውን የጨርቅ ጥቅል ላይ አሳርፈው፣ ማንም ሳያዛቸው የእኛን ድርሻ ቁልፍ ይተክላሉ። እርስዎ ለብሰውት ወደ ስብሰባ የሚሄዱት ሸሚዝም በእሳቸው እጅ ያለፈ ነው። ወረቀቱን ሳነብላቸው፣ «ልጄ፣ አላወቁኝም ማለት ነው?» ብለው ወደ ቁልፋቸው ተመለሱ። እኔ ግን ተናደድኩ፤ በጨዋ ቋንቋ ልሸፍነው ብሞክርም አልሸፈን አለኝ።

አስተማሪውን አንድ ነገር ጠየቅኋቸው። በእኛ ቋንቋ «ይህች» እና «ያች» ብቻ ሳይሆን፣ ሰውን አክብረን የምንጠቁምበት «እኚህ» አለን፤ የእንግሊዝኛው የቱ ነው አልኳቸው። የለውም፣ አክብሮቱን ከሌላ ቦታ ፈልጎ መጨመር የተናጋሪው ፈንታ ነው አሉኝ። እርስዎም ፈልገው አጥተውት ይሆናል።

ልመናችን አንድ ነው። ከዓርብ በፊት፣ አንድ ቀን ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይምጡና አሥራ ሰባቱን ደረጃ ወርደው ይዩን። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል።

ከዚህ በታች ዝቅ የምልበት ደረጃ ባይኖርም፣ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፤
አክባሪዎ፣
ዋናው ቆራጭ

ግልባጭ፦
ለደረጃው ሥር ማስታወቂያ ሰሌዳ
ለእንግሊዝኛ አስተማሪው (ለእርማት)

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ በዘንቢሉ አልላክነውም። ይዘውልዎት የወጡት እትዬ እንፋሎት ናቸው። በዚያ እግራቸው አሥራ ሰባቱን ደረጃ ወጥተው፣ ይህን መስመር በሚያነቡበት ሰዓት ጠረጴዛዎ ፊት ቆመዋል። እርስዎ እሳቸውን እንደተቀመጡ ማየት ለምደዋልና፣ እባክዎ ወንበር ይሳቡላቸው።