ዕጢ የመሰለው እብጠት

ውድ አባቴ ወልደጊዮርጊስ፣

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ስለ ጤናዎ አሁን ከእርስዎ የበለጠ የማውቀው እኔ ነኝ። ስልክዎን አጥፍተው አገር ቤት ጉመር ስለገቡ ይህን ደብዳቤ በጉመር መኪና ሹፌሩ በኑሕ እጅ ልኬዋለሁ። እባክዎ እስከ መጨረሻው ያንብቡት።

በመጀመሪያ ስሙን ልጥራው፤ በቤታችን ማንም ደፍሮ አልጠራውምና። ካንሰር። ቤቴል ሆስፒታል ያለችው ዶክተር ሌሊሴ ካሜራውን በጉሮሮዎ አስገብታ ጨጓራዎ ውስጥ ያየችው እብጠት ካንሰር መስሏት ነበር። ናሙና ወስዳ "ውጤቱ እስኪመጣ ጠብቁ" አለችን። አክስቴ ሸዋገነት ግን ቤተሰቡን ሰብስባ፣ "በሽተኛ እንዲህ ያለ መርዶ አይነገረውም፤ ተስፋ ይቆርጣል" አለች። ሁላችንም እሺ አልን።

ምን ዋጋ አለው! አፋችንን ብንዘጋ ፊታችን አላርፍ አለ። በአጥር ምክንያት ስንት ዓመት ያኮረፉዎት ጎረቤታችን ጋሽ ይገዙ ማር ይዘው መጡ። አጠና ተራ ከሱቅዎ ጎን ሆነው ደንበኛዎን ሲሻሙዎት የኖሩት ነጋዴዎች ጭራሽ ደንበኛ ይልኩልዎ ጀመር። እርስዎም "ሰው ሁሉ እንዲህ ከወደደኝ አልቆልኛል ማለት ነው" ብለው፣ ጋቢዎን ጠቅልለው አገር ቤት ገቡ። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣብኝ።

አሁን የሚገርመውን ልንገርዎ። ውጤቱ መጣ፤ ካንሰር የለበትም። ዶክተሯ ግን በዚህ አልረካችም። "ካንሰር ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው?" ትላለች። ያቺ ሴት ከእኔ የባሰች ጠያቂ ናት።

"ማታ ማታ ያልባቸዋል? ትኩሳትስ? አገር ቤት ሲሄዱ ያልፈላ ወተት ይጠጣሉ?"

ሁሉንም አዎ አልኳት። ያንኑ ናሙና ለሌላ ምርመራ ላከችው። ቲቢ ነው፣ አባቴ። የጨጓራ ቲቢ!

"ቲቢ ሳንባ ላይ አይደል እንዴ? አባቴ እኮ አንድ ቀን አላሳሉም" አልኳት።

"ሆድም ይገባል። ጨጓራ ላይ ብዙ አይታይም፤ ሲታይ ግን ቁርጥ ዕጢ ነው የሚመስለው። እኔንም አሳስቶኛል።"

"ከወተቱ ይሆን?"

"ሊሆን ይችላል፤ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። እርግጠኛ የሆንኩት መድኃኒት እንዳለው ነው። አባትሽ የታሉ?"

መቃብራቸውን ሊመርጡ ሄደዋል ልበላት?

መድኃኒቱ ስድስት ወር ያህል በየቀኑ የሚዋጥ ነው፤ ሻል አለኝ ተብሎ አይቋረጥም። ካልጀመሩት ግን ቲቢም ይገድላል። በሚድን በሽታ እንዳይሞቱብኝ እፈራለሁ። ስለምወድዎ እፈራለሁ፤ ይህንንም በቤታችን ጮክ ብሎ የሚናገር የለም።

ወንድሞችዎ "ከአባቶችህ አፈር ወዴት ትሄዳለህ?" ካሉዎት፣ አፈሩ የትም አይሄድም ይበሏቸው። ኑሕ ዛሬውኑ ተመላሽ ነው፤ የፊቱን ወንበር ለማንም እንዳይሰጥ አስምዬዋለሁ። እኔ አየር ጤና ፌርማታው ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ።

መልስ አይጻፉልኝ፤ ራስዎ ይምጡልኝ።

ልጅዎ ፀሎት
ኮልፌ