ዘፋኝ የላከ አገር

ሐምሌ 14

ኔት ተከፈተ! አልሀምዱሊላህ! ጠዋት ሱቄ በር ላይ ሻሽ ስሰቅል ስልኬ መንጫጫት ጀመረ፤ ከእጄ ሊወድቅ ትንሽ ቀረው። የዓመት መልእክት ባንዴ። ግማሹ ከሩመይሳ።

ይቺ ልጅ! የጎረቤቴ የመሪማ ልጅ ትሁን እንጂ ያደገችው የኔ ቴሌቪዥን ፊት ነው። አላህ በኔ ቤት ልጅ አልሰጠኝም፣ ከአጥሩ ማዶ ሰጠኝ። ቤሩት ሰው ቤት ከተቀጠረች ሁለት ዓመቷ። ዛሬም "አዳዳ" ነው የምትለኝ፣ አክስቴ ማለቷ። "አዳዳ፣ ዝርዝርሽን አዘጋጂ፣ ዘንድሮ አትበልጭኝም!"

ጨዋታችን ነው። በዲሽ የሚተላለፈው የአገሮች የዘፈን ውድድር... ማን ያሸንፋል የሚለውን ማንም ይገምታል። እኛ የምንገምተው የትኞቹ አገሮች እንደሚገቡ ነው። ስም ዝርዝሩ ጥቅምት ላይ ይወጣል፣ እኛ ቀድመን እንጽፋለን። አንዱ አገር አኩርፎ ይቀራል፣ አንዱ ቸግሮት ይቀራል፣ አንዱ ጦርነት ይይዘዋል። አምና ሦስት ብቻ ሳትኩ። ሦስት!

ምሳ ላይ ለኸይረዲን ነገርኩት። ባሌ ሲቀልድ እንኳ ፊቱን አይፈታም። "ሴትዮ፣ የሐርቡ መንገድ ነገ ይከፈት አይከፈት አታውቂም፣ ስለ ፖርቱጋል ግን ታውቂያለሽ።" ስቄ ስቄ አፌ ውስጥ ያለው እንጀራ አነቀኝ።

ሐምሌ 23

አዲስ ገጽ። ሃያ ስድስት አገር ጻፍኩ፣ ሌሎች አራት ገና እያወላወሉ ስለሆነ አቆየኋቸው።

የዘንድሮው ጉድ ሊባኖስ! ለዓመታት የጠፋች አገር ዘፋኝ እየመረጠች ነው። ቻናሏ ላይ አየሁ፤ አረንጓዴ ቀሚስ የለበሰች ረጅም ልጅ ሁሉንም እየጣለች ነው። ትገባለች። በቀይ እስክሪብቶ ጻፍኳት።

ብልሃቴን ለሰው ነግሬ አላውቅም፣ እዚህ ግን ልጻፈው። ያስተማረችኝ ከተማዬ ከሚሴ ናት። ተኩስ በበረታብን ሰሞን መጀመሪያ የቀረው ምን ነበር? ገበያው? አይደለም፤ ገበያተኛ ጥይት እየሰማም ይገበያያል። የሰርግ ከበሮው ነው። የሰፈራችን የሸረፈዲን ልጅ ያለ እልልታ በባጃጅ ተድራ ሄደች። በሳምንቱ መንገዱ ተዘጋ። ሲረጋጋም ከሁሉ ቀድሞ የተመለሰው ከበሮው ነው። አገርም እንደዚያው ነው። ሊዋጋ ያሰበ ዘፋኝ አይመርጥም። ይሄ ብልሃት አንድም ቀን ከድቶኝ አያውቅም።

ነሐሴ 3

መሪማ በአጥሩ መሀል ባለችው መተላለፊያችን መጣች። ፊቷ ልክ አልነበረም።

"ነጋዳ?" አልኳት። ሰላም ነው ወይ... በኦሮምኛ ስጠይቃት ቶሎ ትናገራለች።

"ነጋ። የሩመይሳ ኮንትራት አለቀ። ሴትዮዋ 'መሄድ ካሻሽ ቲኬት ልቁረጥልሽ፣ ካልሆነ ለሁለት ዓመት ፈርሚ' አለቻት። እኔ ምን አውቃለሁ? ያየሁት ሩቅ አገር ባቲ ነው። አንቺ ስለ አገሮቹ ታውቂያለሽ። ትምጣ ወይስ ትቆይ?"

ለኔ ደግሞ ጠዋት የድምፅ መልእክት መጥቶልኛል። ሩመይሳ በሹክሹክታ። "አዳዳ፣ እዚህ ሰዉ ሁሉ ጦርነት ጦርነት ይላል። እማዬ እንዳትሰማ፣ ትደነግጣለች። ልምጣ?"

እንዳትሰማ አለችኝ። አልነገርኳትም።

ደብተሬን አምጥቼ ቀዩን መስመር አሳየኋት። መሪማ ማንበብ አትችልም፣ ቀዩን ቀለም አየች። "ትቆይ" አልኳት። "እዚህ ብትመጣስ? ከአዲስ አበባ እስከዚህ ባለው መንገድ ማን ዋስ ይሆናታል? እነሱ ዘፋኝ እየመረጡ ነው።" ብዙ አወራሁ። መሪማ ስትወጣ ቀልሏት ነበር።

ለልጅቷም ላኩ፦ "ዘፋኝ እየመረጠ የሚዋጋ አገር አይተሽ ታውቂያለሽ? አርፈሽ ተቀመጪ!"

ሳቀች። "እሺ አዳዳ፣ አንቺ ካልሽ።"

ነሐሴ 4

ፈረመች።

ነሐሴ 19

ሰው ሞቶ ከቅሬው እድርተኞች ጋር ዋልን። ሴቶቹ በለቅሶ ቤት እንኳ አላስቀመጡኝም። ዓዲላ፣ ያቺ እህል ነጋዴዋ፣ "አሲያ እኮ ቃልቻ ሆናለች፣ በዲሽ የሚያይ ቃልቻ!" አለች። አስተግፊሩላህ አልኩ። ግን ሳቄን መያዝ አቃተኝ፣ በሻሼ አፌን ያዝኩ።

ሁሉም ጠየቁኝ። የእገሌ ልጅ ኩዌት ናት፣ እንዴት ነው? የእገሊት ዮርዳኖስ ልትሄድ ነው፣ ይሻላል? መለስኩላቸው። ከአሥረኛ ክፍል በኋላ አስተማሪ የመሆን ሕልም ነበረኝ እኮ... ዛሬ ሆንኩ።

መስከረም 6

መውሊድ። መንዙማው ገና ከጆሮዬ አልወጣም። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሞቅ ያለ መውሊድ አላየንም። ደስ ሲል!

ሩመይሳ ዝርዝሯን ላከች። አነበብኩ፣ ደግሜ አነበብኩ። ሊባኖስን አልጻፈችም! ያለችበትን አገር!

"ውስጡ ሆነሽ ጠፋሽ?" ብዬ ላኩባት። "በዚህች ብቻ እበልጥሻለሁ።"

"ይሁን አዳዳ" አለች። ሌላ ምንም።

መስከረም 14

ሊባኖስ እየተደበደበች ነው። ከትናንት ጀምሮ። ቴሌቪዥኑ ላይ ጭስ፣ መኪና በመኪና ላይ፣ ፍራሽ የጫነ ሰው...

ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። ሱቅ አልከፈትኩም። ኸይረዲን አንዲት ቃል ቢቀልድ ምን ነበረበት?

መስከረም 17

የድምፅ መልእክት መጣ። ያለችውን እንዳለ ልጽፈው፦

"አዳዳ፣ እነ ሴትዮዋ ዛሬ ጎህ ሳይቀድ በመኪና ሄዱ። ወደ ተራራ። 'ቤቱን ጠብቂ' አሉኝ። በሩን ከውጭ ቆልፈው ቁልፉን ይዘው ሄዱ። ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሩዝ አለኝ። ለእማዬ አትንገሪ።"

ከውጭ ቆልፈው። ሰው ውስጥ ትቶ በር መቆለፍ... ለእቃ ነው እንጂ።

ይሄንንስ ልደብቅ?

መስከረም 18

ነገርኳት። መሪማ ማሽላ እየነፋች ነበር። ተቀመጪ አላለችኝም። ሁሉንም ነገርኳት፣ የነሐሴውንም ሹክሹክታ።

"ጦርነት ይላሉ ብላሽ ነበር?"

"ብላኝ ነበር።"

"ቲኬት ሊቆረጥላት ሲል?"

"አዎ።"

ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትጮህ፣ ብትመታኝ። ወንፊቱን አራግፋ ግድግዳው ላይ ሰቀለች። "ባለፈው የወሰድሽውን ምጣድ መልሺልኝ" አለች። ያ ምጣድ እኔ ዘንድ ከመጣ ስድስት ዓመቱ ነው። የማን እንደነበረ ሁለታችንም ረስተነው ነበር።

ወስጄ ሰጠኋት። ስመለስ መተላለፊያዋን በቆርቆሮ ዘጋችው። ሚስማሩ ሲመታ ቤቴ ውስጥ ቆሜ ሰማሁ።

መስከረም 29

ስልኳ መጥራት አቆመ። አሥራ አንድ ቀኑ።

ጥቅምት 8

ምንም።

ጥቅምት 22

ዝርዝሩ ወጣ። መክፈት አልነበረብኝም። ከፈትኩት።

ሠላሳ አገር። እኔ የጻፍኩት ሠላሳ። አንድም አልሳትኩም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ። ሊባኖስ አለች፤ አረንጓዴዋ ልጅ ፎቶ ላይ ፈገግ ብላለች።

ዓዲላ ሱቅ ድረስ መጥታ፣ "ሁሉንም አገኘሽው አሉ!" አለችኝ። ማሻአላህ አለችልኝ።

ማታ ላይ መሪማ ከአጥሩ ወዲያ ተጣራች። ከዚያን ቀን ወዲህ ድምፅዋን መስማቴ ነው።

"አሲያ! ያልሽው አገር ገባ አሉኝ?"

"ገባ።"

"ታዲያ ልጄስ?"

 

ኅዳር 3

ከማዶ ጩኸት ሰማሁ። ወደ ጓሮ ወጣሁ። ከዚያ "አልሀምዱሊላህ" የሚል ሰማሁ፣ ደጋግሞ... ቆርቆሮው ጋ ሄድኩ። መዳፌን አስደግፌ ቆምኩ። አልከፈተችም።

ኸይረዲን በትልቁ በር ዞሮ ሄዶ ጠይቆ መጣ። ጓሮዬ ውስጥ አልጋው ላይ ተቀምጦ ቀስ ብሎ ነገረኝ። አለች። ከሰገነቱ ዘላለች። እግሯ ተሰብሮ መንገድ ላይ የኛው አገር ልጆች አግኝተዋት መጠለያ አስገብተዋታል። እስካሁን ስልክ አልነበራትም። የሰው ስልክ ለምና የደወለችው ለእናቷ ነው።

ለእኔ አይደለም። ልክ ናት።

ታኅሣሥ 21

መጣች። ኸይረዲን ከመናኸሪያ ከባጃጁ አውርዶ አዝሏት ገባ። በደጄ አለፉ። አንገቷን ኸይረዲን ትከሻ ላይ ጥላዋለች፣ ዓይኗ ተጨፍኗል። ወይ አንቺ ልጅ... ሰላሳ አምስት ኪሎ አትሞላም።

አልወጣሁም። ከመጋረጃው ኋላ ቆምኩ።

ጥር 5

ዛሬ በክራንቿ ብቻዋን በትልቁ በር ዞራ መጣች። ያቺን አጭር መንገድ ያን ያህል ዞራ። ድሮ ቁጭ የምትልበት ቦታ ተቀመጠች። ቴሌቪዥኑ ላይ ጨርቅ ጥዬበታለሁ፤ አየችው።

ብዙ ልናገር ተዘጋጅቼ ነበር። "ዐውፍ በዪኝ፣ ይቅር በዪኝ" ብቻ ወጣልኝ።

"አዳዳ፣ ሲሄዱ ቴሌቪዥኑን ሳያጠፉት ነው የሄዱት። እኔም አላጠፋሁትም፣ ቤት ውስጥ ሰው ያለ እንዲመስለኝ። ያቺ አረንጓዴ ቀሚስ ያላት ልጅ ትዘፍን ነበር። ከዚያ የጎናችን ሕንፃ ወደቀ። መስታወቱ ሁሉ ረገፈ። እሷ መዝፈኗን አላቆመችም። መብራት እስኪጠፋ ድረስ።"



"አንቺ ልክ ነበርሽ" አለች። ስታላግጥ ቢሆን በተሻለኝ። አላላገጠችም።

"አንቺስ ለምን ሳትጽፊያት ቀረሽ?"

"ሴትዮዋ የልጆቹን ልብስ በሻንጣ ከታ በሩ ሥር አቁማው ነበር። ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ። ቤት ስጠርግ በየቀኑ አንስቼ እመልሰው ነበር።"

"ለምን አልነገርሽኝም የኔ ልጅ?"

አየችኝ። "አንቺ የምታውቂ መሰለኝ።"

ጥር 20

ሩመይሳ ከሰዓት ትመጣለች፤ እግሯን በትራስ ላይ አደርግላታለሁ፣ ሻሽ ታጥፍልኛለች። እናቷ አትከለክላትም፣ ግን አትመጣም። ቆርቆሮው እንዳለ ነው።

ዛሬ ዓዲላ መጣች። ሰላምታዋ ረዘመ፤ ጉዳይ እንዳላት ገባኝ። የልጇ የኢማን ፓስፖርት ወጥቷል። ደላላው የሁለት አገር ስም ሰጥቷታል።

"የቱ ሰላም ነው? ደብተርሽን አውጪውማ።"

"አላውቅም" አልኩ።

"እንዴት አታውቂም?"

"አላውቅም ዓዲላ። አኒ ህንቤኩ።" በሁለት ቋንቋ አላውቅም አልኩ፤ እንድትሰማኝ።

ተቆጣች። "ለመሪማ ልጅ ስታውቂ ለኔዋ ጠፋብሽ? ምቀኛ!"

ያኔ ሩመይሳ ሻሹን አስቀመጠች። እግሯ ላይ የተጣለውን ጋቢ ገለጠችው።  እግሩ ከጉልበቱ በታች ጠምዘዝ ብሎ ነው የገጠመው፣ ጠባሳው ገና ቀይ ነው። ዓዲላ አየችው። እጇን አፏ ላይ አደረገች። ያ ረቢ፣ ያ ረቢ አለች። እንባዋም መጣ። አሁን ተመልሳ ትሄዳለች፣ ልጇንም ታስቀራለች ብዬ አሰብኩ።

ዓይኗን ጠረገች። ወንበሯን ወደኔ አስጠጋች።

"እሺ፣ ቤሩት ትቅር" አለች ዝቅ ብላ። "ከሁለቱ ግን የቱ ይሻላል?"

አፌን ከፈትኩ። ሁለቱንም አገሮች አውቃቸዋለሁ። አንዱ ዘንድሮ ዝርዝሩ ውስጥ ገብቷል፣ አንዱ አልገባም። ምላሴ ላይ ነበር።

አፌን ዘጋሁ። ሩመይሳ ጋቢውን መልሳ እግሯ ላይ ጣለች፣ ሻሽ ማጠፏን ቀጠለች።